ራቢዓና የክረምቱ እቅድ

ራቢዓ ጎንደር ከተማ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአደጋ ሥጋት ባለሙያ ናት። ሰኔ በገባ ቁጥር የክረምቱን እቅድ የምታዘጋጀው እሷ ነበረች፤ ጎርፉ የት ይበረታል፣ መሬቱ የት ይናዳል፣ ሰዉስ ወዴት ይሸሻል? ድብ ባሕር ከምትባለው ቀበሌ ወዲያ፣ ተረተር ሥር ላሉት ሃያ አንድ ቤቶች መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ።

በ2012 ግን ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቱ ከሱዳን ለተመለሱ ሰዎች ለይቶ ማቆያ ሆነ።

«ያምናውን እቅድ ቀኑን ቀይረሽ ላኪው» አላት ዳኛው የሚባለው አለቃዋ።

«ሰዎቹን በሽታ ላይ ልሰዳቸው?»

«ናዳ በየዓመቱ አይመጣም፣ ራቢዓ።»

አላስችል ብሏት በማግስቱ ወደ ተረተሩ ሥር ወጣች። አያ ምናለ የሚባሉ ሽማግሌ ከጓሯቸው ወስደው ምድሩን አሳዩዋት። ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ተረተሩን ከዳር እስከ ዳር ተርትሮታል።

«ምነው ልጄ፣ መሬቱም በሽታውም ባንድ ክረምት?» አሉ።

የቀራት አንድ መላ ነበር፤ እያንዳንዱን ቤተሰብ ከተረተሩ በላይ ካሉ ሰዎች ዘንድ ማስጠጋት። ቤት ለቤት እየዞረች ለመነች። ውቢት የምትባል ባለትዳር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከደጃፏ ሰማቻት።

«በክፉ ቀን እንግዳ አልመልስም። ግን ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ባሌ፣ ደረቱን ያመዋል። በሽታውን ይዘውብኝ ቢመጡስ?»

«በረቱን ለብቻ ትሰጫቸዋለሽ። ማስክም አመጣለሁ።»

«ይሁን» አለች ውቢት። የደረሷት አያ ምናለና ቤተሰባቸው ነበሩ።

ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ወደ ላይ ወጣ። በማግስቱ ተረተሩ ተንዶ ዘጠኝ ቤት ዋጠ፤ አንድም ሰው አልነበረበትም። ራቢዓ በስልክ ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በረቱ ግን ያፈስ ነበር። የአያ ምናለ የልጅ ልጆች በብርድ ሲንቀጠቀጡ ውቢት አልቻለችም፤ ሁሉንም ቤቷ አስገባቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት ኃይለ ጊዮርጊስ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ምርመራ አልደረሰለትም፤ ኮሮና ይሁን የቆየው ሕመሙ ማንም አላወቀም።

ራቢዓ ለቅሶ ሄደች። አያ ምናለ ከጥግ አንገታቸውን ደፍተዋል። ውቢት ቀና ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ እቅድሽ ላይ ባሌ ነበረበት?»

«አልነበረም» አለች ራቢዓ። «የሚሸሹትን ብቻ ነው የቆጠርኩ።»

«እኔም አያን አላስወጣቸውም። ወዴት ይሄዳሉ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

መስከረም ላይ ዳኛው «የሰው ሕይወት አልጠፋም» የሚል ሪፖርት አዘጋጀ። ራቢዓ ኃይለ ጊዮርጊስ ይጨመር አለች።

«በናዳ ነው የሞተ?»

«አይደለም።»

«በኮሮና?»

«አልታወቀም።»

«ታዲያ የት እንጻፈው?»

ራቢዓ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቤቱ ስንት ሰው እንዳስጠለለ በሌላ ወረቀት በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ ከሪፖርቱ ጋር አያያዘችው። ከበላይ አለቆች ያነበበው ሰው ይኑር አይኑር የነገራት የለም።