እናቴ ያዳነችው ወይን

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከወንድሟ ጋር የምትነጋገረው በእኔ በኩል ነበር። ሦስታችንም አንድ ምድጃ ከብበን ተቀምጠን፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካቸውን ሰው፣ «አጎትሽን ራት ቀርቧል በይው» ትለኛለች። እኔም ዞር ብዬ «አያ ምትኩ፣ ራት ቀርቧል» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ «እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት» ይሉኛል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነገሩ ቅያሜ መሆኑ አልገባኝም ነበርና ትልቅ ሹመት እንደተሰጠው ሰው እኮራበት ነበር።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። እናቴ በአካባቢው የታወቀች ጠጅ ጣይ ናት። አያ ምትኩ ታናሽ ወንድሟ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ቶሎ ስለሞቱ እንደ ልጇ አድርጋ ነው ያሳደገቻቸው። ታዲያ ጢማቸው ገና ማቀምቀም ሲጀምር አንድ ቀን ማለዳ፣ ሳይሰናበቷት ተነሥተው ጠፉ። አሰብ ወርደው የጭነት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ተቀጥረው ኖሯል። ለእናቴ ግን ቃልም ደብዳቤም አልደረሳትም። ዓመታት ቆጥራ ቆጥራ ሲመራት ሞቷል ብላ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ካህናት ጠርታ፣ ድግስ ደግሳ ተዝካር አወጣችላቸው። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በቁማቸው ሻንጣ ይዘው ደጃፏ ላይ ቆሙ። ጎረቤት እልል ሲል እሷ ገብታ ጋን ማጠብ ጀመረች አሉ። «ተዝካሩን ያወጣሁለትን ሰው ምን ብዬ ላናግረው?» ነበር መልሷ።

አያ ምትኩ ከእኛው ጋር ተቀመጡ፤ ሻንጣቸውን ግን አልፈቱም። አንድ ቀን ለእኔ ብቻ፣ «እስከ ሰኔ ድረስ በአፏ ካላናገረችኝ ተመልሼ እሄዳለሁ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሹመቱ ኩራት ቀርቶ ለሰኔ የቀረውን ጊዜ በጣቴ እቆጥር ጀመር፤ ምክንያቱም አያ ምትኩ ከሄዱ የምሽቱ ተረት አብሮ መሄዱ ነው።

ተረታቸውን የሚጀምሩት ከብት ከገባ በኋላ፣ ኩራዙ ሲለኮስ ነበር። እናቴ በዚያ ሰዓት ጋኑን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ቤቱ በዚያ ጭስ ይሞላል፣ ፍሙ እየቀላ እየጠቆረ የአያ ምትኩን ፊት አንዴ ያሳየናል፣ አንዴ ይደብቅብናል፣ እሳቸውም ባሕር ላይ ስላዩት አሣና ስለ ወደቡ ሰው ሲያወሩ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ትሠራለች። ግን ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጇ ቀጥ እንደሚል አውቅ ነበር።

አንድ ምሽት ስለ አንድ ወይን ነገሩን። ስሙ ማልቤክ ይባላል አሉ። የትውልድ አገሩ ፈረንሳይ ነው፤ እዚያ መልኩ እንደ ቀለም የጠቆረ፣ ጣዕሙም ምላስ የሚይዝ ስለነበረ ጥቁሩ ወይን ይሉታል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ ባሕር አሻገረውና አርጀንቲና በሚባል አገር፣ ከትልልቅ ተራሮች ሥር ተከለው። አገሩ እንደኛው ደጋ ቢጤ ነው፤ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ፣ የሚጠጣውም ከተራራው በረዶ ቀልጦ የሚወርድ ውሃ። እዚያ ወይኑ ለሰለሰ፤ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚወደው ሆነ። በትውልድ አገሩ ግን አንድ ክፉ ውርጭ መጥቶ አብዛኛውን ዘሩን አደረቀው። «ያ የሄደው ባይሄድ ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ያህል ሰው ስሙን ባላወቀው» ብለው ጨረሱ።

ልጅም ብሆን የሚያወሩት ስለ ራሳቸው እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ዘወር ሳትል፣ «ሲሄድ ለግንዱ ነግሮት ነበር ወይ በይው» አለችኝ። መልእክቱን አደረስሁ። አያ ምትኩ ፍሙን በእንጨት እየነካኩ፣ «አልነገረውም በያት» አሉ።

ለዳግማይ ትንሣኤ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። አያ ምትኩ ጠዋት ከሻንጣቸው አንድ ጠርሙስ አወጡ፤ ያ ማልቤክ ነበር፤ ለእህታቸው ብለው ከዚያ አገር ወደብ ላይ የገዙት። ቡሹን ነቅለው «ትንሽ አየር ያግኘው» አሉና መደብ ላይ አስቀምጠውት፣ ይህ በብርሌ አይጠጣም ብለው ብርጭቆ ሊዋሱ ቡሬ ሄዱ።

እናቴ ጠርሙሱን ዞረችው፤ አሸተተችው። ከዚያ በጣቷ ቀመሰችና ፊቷ ተለዋወጠ። ማር የሌለበት፣ ምላስ የሚያደርቅ መጠጥ ለጠጅ ጣይ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። «ወይኔ ወንድሜን!» አለች፤ አጠገቧ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አድርሺ አላለችኝም። «ይህን ሁሉ አገር ተሸክሞት መጥቶ ኮምጦበታል! ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ሊዋረድ ነው።» ወደ ጓዳ ገባች። ለመድኃኒት ብላ ለማንም የማትነካውን የሰከላ ነጭ ማር አወጣች፣ በሙቅ ውሃ በጠበጠች፣ ወይኑን ማሰሮ ውስጥ ገልብጣ ጨመረችበት፣ እየቀመሰች ደግማ ጨመረች፣ አጥልላ ወደ ጠርሙሱ መለሰችው። ለእኔም በማንኪያ አቀመሰችኝ። «አሁን ሰው ሆነ» አለች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አያ ምትኩ በተዋሱት ብርጭቆ ቀድተው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ። ቀመሱና ቀጥ አሉ። ደግመው ቀመሱ። ብርጭቆውን አዩት፣ ጠርሙሱን አዩት፤ የሰው ሁሉ ዓይን እሳቸው ላይ ነበር። ያኔ እናቴ ጠጋ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምትኩ፣ ኮምጦብህ ነበር እኮ። በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ማር ጨመርሁበት» አለቻቸው።

እኔ እንደ ልማዴ «አያ ምትኩ፣ እናቴ…» ብዬ ጀምሬ ነበር። ግን የሚያዳምጠኝ አልነበረም። እሳቸው እህታቸውን እያዩ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ «እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንኳን ደረሱልኝ» አሉ። ከዚያ ያንን ብርጭቆ እስከ ታች ጠጡት፤ ለሰውም እየቀዱ «የእህቴ እጅ ያለበት ነው» ይሉ ነበር። ሰኔ መጣ፤ አያ ምትኩም የትም አልሄዱም። ከእኛ ቤት አጠገብ ቤት ሠርተው እስከ ዛሬ እዚያው አሉ።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት አድጌ ነው። ባለፈው ዓመት ፍኖተ ሰላም የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ተመርቃ ድግስ ነበር፤ ከመጠጡ መካከል ማልቤክ የሚል ጠርሙስ አይቼ ደነገጥሁ። ቀዳሁ። ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል፣ ምላስን ያዝ የሚያደርግ ነበር። ጨርሶ አይጣፍጥም እንዳልል ይጣፍጣል፤ ግን የማር ዘር የለበትም። ለካ መጠጡ መልኩ ይኸው ኖሯል! ለካ ምንም አልሆነም ነበር! በማግስቱ አያ ምትኩ ዘንድ ሄጄ፣ እናቴ እንዳትሰማ አድርጌ፣ «ያ ወይን አልኮመጠም ነበር አይደል?» አልኋቸው።

በሩን ዞር ብለው አዩ። «እናትሽ ኮምጧል ካለች ኮምጧል» አሉኝ። «በቁሜ ተዝካሬን የበላ አገር ላይ አንድ ሰው እንዳታፍር ብሎኝ ማሩን ሲያወጣልኝ፣ እኔ ስለ ወይን ላስተምር?»

ከነገሩን ተረት ብዙውን ረስቻለሁ፤ የወደቦቹ ስም፣ የአሣው ዓይነት ተደባልቆብኛል። እናቴ ግን ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ወንድሟ ከባሕር ማዶ ያመጣው መጠጥ ኮምጦ እንዴት በእሷ እጅ እንደዳነ ትተርካለች። አያ ምትኩ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም አብሬ እነቀንቃለሁ።