የብስክሌቱ ወር

የምሠራበት ላውንደሪ የሆቴል አንሶላና ፎጣ ያጥባል። ከኤርፖርቱ ጀርባ ነው። የምኖረው ኤርፖርቱ አቅራቢያ፣ ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ስለነበር ሩቅ አይባልም፤ ግን መኪናችንን ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ነበር የምትይዘው። እኔ በባስ እመላለሳለሁ። ባሱ በዘገየ ቁጥር ሱፐርቫይዘሩ ፊቱን ያጠቁርብኛል።

አንድ ቀን የኤች አር፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ሰበሰበችንና በብስክሌት ለሚመጣ ሰው አዲስ ቤኔፊት፣ ጥቅማ ጥቅም መጥቷል አለችን። ለብስክሌት መግዣ፣ ለጥገናና ለቁልፍ ካወጣነው ላይ ካምፓኒው በየወሩ ይመልስልናል፤ የሚመለሰው ደግሞ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር ታክስ አይነካውም። ያስጠነቀቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው። በአንድ ወር ውስጥ የብስክሌቱንም ካምፓኒው የሚሰጠንን የባስ ፓስ፣ የወር ትኬቱንም መውሰድ አይቻልም፤ አንዱን የመረጠ ወሩ እስኪያልቅ በዚያው ይጸናል። ሌሎቹ ተሳሳቁ። እኔ ግን ስኳሬ ከፍ ብሎ ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ብሎኝ ስለነበር ተመዘገብኩ።

ልጄ አልወደደችውም። "ማሚ፣ ኢትስ ኖት ሴፍ" አለችኝ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ይፈራል ወይ ብዬ ሳቅሁባት።

መንገዱ የኤርፖርቱን አጥር ይዞ ረጅም ይሄዳል። በአንድ በኩል ሽቦ፣ በሌላው መስኮት የሌላቸው መጋዘኖች። ሰው የሚኖርበት ቤት የለም። መኸሩ ገፍቶ ስለነበር ሥራ የምገባው ሳይነጋ ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጉልበቴ ተፍታታ፣ እንቅልፌም ተስተካከለ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ከኋላዬ መኪና መጣና ሳያልፈኝ ቀረ። መብራቱ ጥላዬን ከፊቴ አስረዘመው፤ ዞር ስል ዓይኔን ስለወጋኝ መኪናውን መለየት አልቻልኩም። ቀስ ስል ቀስ አለ። እለፍ ብዬ በእጄ አሳየሁት፤ አላለፈም። ላውንደሪው በር ላይ ስደርስ ዞሮ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። "ነግሬሽ ነበር" እንዳትለኝ ብዬ ለልጄ አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን መኪናው ቀድሞኝ አለፈና አጥሩ የሚታጠፍበት ጋ ቆሞ መብራቱን አጠፋ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ሌላ መውጫ የለኝም፤ አጠገቡ ማለፍ ነበረብኝ። መስታወቱ በትንሹ ወርዷል፤ የሲጋራ ሽታ ይወጣል። አቀርቅሬ አለፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

ማታ እራት ስንበላ መቻል አቃተኝና ለልጄ ነገርኳት፤ በየማለዳው መኪና እየተከተለኝ ነው አልኳት። አንገቷን ደፋች። ስለጨነቃት ከኋላዬ ስትነዳ የነበረችው እሷው መሆኗን፣ ከነገረችኝ እንደምቆጣ ፈርታ እንደደበቀችኝ አወጣችው። ሳቄ መጣ፤ ፍርሃቴ ሁሉ ከላዬ ወረደ።

"ይሁን፤ ዛሬስ ቀድመሽኝ ሄደሽ መብራት አጥፍተሽ መቆም ምን የሚሉት ነው? ሲጋራውንስ መቼ ጀመርሽ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ዛሬ እኮ አልመጣሁም፣ ማሚ። ተኝቼ ነበር።"

ፖሊስ ጋ ደወልን። ታርጋውንና ቀለሙን ጠየቁን፤ ሁለቱንም አላየሁም። ኤች አሯም አዘነችልኝ፤ ነገር ግን ወደ ባሱ መመለስ የምችለው ከአዲሱ ወር ነው አለች። ካቋረጥኩ ቤኔፊቱ ይቀርብኛል፤ ብስክሌቱን ደግሞ ገና መግዛቴ ነበር። እልህም ያዘኝ። ልጄ የመኪናዋን ሀዛርድ፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን የማስጠንቀቂያ መብራት አብርታ ከኋላዬ ትሸኘኝ ጀመር። አንድ ማለዳ መኪናው እዚያው መታጠፊያው ጋ ቆሞ አገኘነው። ታርጋውን ፎቶ ላነሳ ብላ ስትጠጋ ሙሉ መብራቱን ለቀቀባትና ምንም ሳታይ አጠገቧ አልፎ ሄደ። ወሩ እንዳለቀ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አስሬ ወደ ባስ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት በዲቪ የመጣች ወጣት አንሶላ ማጠፊያው ጋ ተቀጠረች። ጎረቤቴ ነበረች። ስለ ቤኔፊቱ ሰምታ ብስክሌት ገዛች። እንዳወቅሁ ለብቻዋ ጠርቼ የደረሰብኝን ነገርኳት። እሷ ግን ፈገግ አለች።

"እትዬ፣ ያ መኪናማ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ጥበቃ መስሎኝ ሰላም እለዋለሁ።"

"እሱስ?"

"እሱም እጁን ያነሳልኛል።"

ለምኜ ለምኜ በሌላው፣ በረጅሙ መንገድ እንድትሄድ አደረግኋት። በዓመቱ መጨረሻ ኤች አሯ እንደገና ሰበሰበችን። ሕጉ ስለተለወጠ ከእንግዲህ ለብስክሌት የሚመለሰው ታክስ ይቆረጥበታል፤ ካምፓኒውም ቤኔፊቱን ትቶታል አለች። ሰዉ አጉረመረመ። እኔ ውስጤ አረፈ፤ ያቺ ጎረቤቴ ልጅም ከኔ ጋር በባስ መሄድ ጀመረች።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ከሥራ ስንመለስ ባሱ በአጥሩ መንገድ አለፈ። መኪናው እዚያው ነበር። በቀን ብርሃን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ግራጫ፣ ማንም የሚነዳው ዓይነት። ልጅቷ ሳታስበው፣ በልማድ፣ ከመስኮቱ እጇን አነሳች። ይዤ አወረድኩት። ሰውየው ግን አይቷል፤ እጁን አነሳ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ከባሱ ኋላ ገባ።

የኛ ሰፈር ፌርማታ ላይ አልወረድንም። ብዙ ሰው ያለበት ገበያ ጋ ወርደን ልጄን ጠራኋት። እስክትደርስ ድረስ መኪናው የፓርኪንጉ ዳር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከውስጡ ማንም አልወረደም። የታርጋውን ቁጥር አንብበን ለፖሊስ ሰጠን፤ ሰው ማቆሚያ ቦታ መኪና ቢያቆም ወንጀል አይደለም አሉን።

ሊዛችን፣ የቤት ኪራይ ውላችን ሲያልቅ ከዋይትሆል ለቀቅን፤ ልጅቷንም ይዘናት ሄድን። አዲሱን አድራሻችንን ለማንም አልተናገርንም።