ዘመድ ሙሽራ አይነካም

እትዬ ካስክ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ካስክ ማለት በፀጉር ቤት ውስጥ ሴቶች ከነቢጉዲናቸው ጭንቅላታቸውን የሚከቱበት፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚጮኸው ማድረቂያ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የምታወራው ካስክ ውስጥ ለገቡ ሰዎች ስለሆነ ቀስ ብሎ መናገር ከጠፋባት ቆይቷል። "ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ" ብላ የጀመረችውን ምስጢር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ መዶሻውን አስቀምጦ ያዳምጠዋል። መኪና አልፎ ጨዋታው ሲቋረጥበትም "እትዬ፣ ከዚያስ?" ብሎ ይጠይቃል።

እኔ የምቀመጠው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ቬሎ የሚያሳጥርና የሚያጠብ ሰው ቅርቧ እንዲሆን ብላ የስፌት መኪናዬን እዚያ አስገባችልኝ። ብዙ አልናገርም፤ በዚያ ቤት ተናጋሪ ጎድሎ አያውቅም። ስለዚህ የምጽፈው በመጋረጃው ክፍተት ያየሁትንና ሳልፈልግ የሰማሁትን ነው። ፈልጌ የሰማሁትም አለበት።

ቤቱ ጠባብ ነው። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን በአርቲፊሻል አበባ ሸፍናዋለች። ብሩሾቿ እጀታው በተሰበረ የውኃ ጆግ ውስጥ ቆመዋል። የሙሽራ ወንበር ግን የተለየ ነው፤ እግሮቹ ጎማ አላቸው፤ ምክንያቱም እትዬ ሙሽራን አምፖል ሥር አትሠራም። "አምፖል አማላጅ ነው፣ ሁሉን ያሳምራል" ትልና ወንበሩን እየገፋች መስኮቱ ሥር ታደርሰዋለች። እዚያ ግማሹን ፊት ሠርታ ታቆምና "አንዴ ብቻ!" ብላ ትጣራለች።

አንዴ ብቻ ፎቶ አንሺው ነው። የፊተኛውን ክፍል ከእሷ ጋር ይጋራል። ስሙን ያገኘው "አንዴ ብቻ ቀና በይ፣ አንዴ ብቻ ፈገግ፣ አንዴ ብቻ" እያለ ሰው አንገቱ እስኪቆለፍ ስለማይለቅ ነው። በግማሹ ፊት ላይ ፍላሹን ያበራል፤ እትዬ በካሜራው ውስጥ ታየዋለች፤ ከዚያ ወይ ታጠፋዋለች ወይ ትቀጥላለች። ሙሽራ ለዓይንም ለካሜራም መሠራት አለባት ባይ ነች። አንድም ጊዜ ይህን ሳታደርግ ሙሽራ ስትሸኝ አላየሁም።

ዋጋ የምትከራከር እናት ስትመጣ ስብከቱ ይጀመራል።

"ለአንድ ቀን ይህን ሁሉ?" አለች አንዲት እናት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ።

"ስንት ቀን ልትድሪያት ነበር?"

"አይ፣ ፊቷን አክስቷ ልትሠራት ትችላለች ብዬ ነው። እጇ ጥሩ ነው። ፎቶውንም የወንድሜ ልጅ በስልኩ ያነሳዋል።"

"አክስቷ ጥርስ ትነቅላለች?"

"ኧረ! ምን በወጣት?"

"እጇ ጥሩ ነው አላልሽኝም?"

ቀጥላ ደግሞ አማቿ ስለሠራቻት ሙሽራ ታወራለች። አማቲቱ የፀሐይ መከላከያ ያለበትን ፓውደር በላይ በላዩ አበሰችላት። "በዓይን ሲያዩዋት ጨረቃ ነበረች። ፎቶው ሲመጣ ፊቷ ነጭ፣ አንገቷ ጠይም። ዱቄት ስትሰርቅ የተያዘች ነው የምትመስለው! ያ ፓውደር ፍላሽ ሲመታው መልሶ ይተፋዋል። ባልየው አልበሙን ባየ ቁጥር ይስቃል፤ በባል መሳቅ የሴት ሥራ ነው እንጂ በሚስት መሳቅ ምን የሚሉት ነው?"

ይህም ካልበቃ የራሷን የሰርግ አልበም ከመሳቢያ ታወጣለች። ያነሳው አጎቷ ነበር። "ነፍሱን ይማርና፣ ሰው ከአንገት በላይ እንዳለው አያውቅም ነበር" ትላለች። እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። የጠረጴዛው ልብስ ጥልፍ ይታያል፣ የሙሽራው ጫማ ማሰሪያ ይታያል፣ ከጀርባ የቆመ ሰው በእጁ የያዘው ብርጭቆ ይታያል። ሙሽሪት ግን አንገቷ ላይ ታልቃለች። "ይቺ እኔ ነኝ፤ በእጄ ነው የማውቃት" ስትል እናትየው ትስቃለች፣ ቦርሳዋም ይከፈታል።

መዝጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው። "ዘመድ ሙሽራ አይነካም። የሚያየው ሙሽሪትን አይደለማ! ወይ ያኔ ያቀፋትን ሕፃን ያያል፣ ወይ ራሱን። እኔ ግን ልጅሽን አላውቃትም። ስለማላውቃት በደንብ አያታለሁ።"

ከዚህ ሕግ ቀጥሎ የምትወደው ነገር ከዳተኛዋን መስደብ ነው። ከዳተኛዋ ማለት ከእሷ ዘንድ ሙያ ተምራ ስታበቃ፣ ከመንገዱ ማዶ ከጫማ ሰፊው ጎን የራሷን ፀጉር ቤት የከፈተች ሴት ናት። አሁን የልጆች እናት ሆናለች፤ ስሙ ግን ስለተለመደ ደንበኞቿ እንኳን "ከዳተኛዋ ጋ ነው የተሠራሁት" ይላሉ፣ እሷም አትቆጣም።

እንግዲህ የእትዬ አንድ ልጅ ልታገባ ሆነ።

ልጅቷ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም መርማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ መነጽራም፣ የሟች አባቷን ሰፊ ግንባር የወረሰች። ያንን ግንባር እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉር እያስወረደች ሸፍናዋለች። ቀኑ እንደተቆረጠ እትዬ ለመንደሩ ሁሉ "ልጄን የምሠራት እኔ ነኝ!" ብላ አወጀች። ጫማ ሰፊው ከማዶ "ዘመድ ሙሽራ አይነካም ሲባል ሰምቼ ነበር" አለ።

"ሕጉ ለደንበኛ ነው! አንተ ሶልህን ምታ!"

ልጅቷ ቬሎዋን ልትለካ ወደ እኔ ገባች። ወገቧ ላይ መርፌ እየሰካሁ ሳለ በመስታወቱ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ እማን ማስቀየም አልፈልግም" አለችኝ። "ግን እሷ ስትሠራኝ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የምነሳው። ለምርቃቴም እንደዚያ ነበር። በዚያ ቀን እንኳን ራሴን መምሰል እፈልጋለሁ። እንዴት ብዬ ልንገራት?"

አፌ ውስጥ መርፌ ነበር፤ ስለዚህ አልመለስኩላትም።  ሃያ ዓመት ሰው ስታስጌጥ የኖረች እናት እጇን ከገዛ ልጇ ፊት ላይ አንሺ ትባላለች? አትባልም ቢባል፣ ልጅቷ ዕድሜዋን በሙሉ የምታየው አልበም ውስጥ የሌላ ሰው ፊት ይዛ ትኑር? ጫፉን መስፋቴን ቀጠልኩ።

የሙከራው ቀን እሑድ ነበር። እትዬ በሩን ለደንበኛ ዘጋች፣ ወንበሩን መስኮቱ ሥር ገፋች፣ የልጇን መነጽር አውልቃ ኪሷ ከተተች። ቅንድቧን ቀጭን አድርጋ ወደ ላይ ቀሰረችው። ጉንጯን ጽጌረዳ አስመሰለችው። ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ ካስክ ከተተቻት፣ አውጥታ ፈታችው፣ ግንባሯን በወፍራም ጥቅል ከደነችው። ስትሠራ አላወራችም። ያ ቤት ዝም ሲል ያኔ ነው ያየሁት። ደግሞም በግማሹ ላይ ቆማ ፎቶ አንሺውን አልጠራችውም፤ እስከ መጨረሻው ሄደች። ይህን እኔም አስተዋልኩ፣ በሩ ላይ ካሜራውን አንግቶ የቆመው ሰውዬም አስተዋለ።

ሲያልቅ መነጽሩን መለሰችላትና ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረችው።

ሥራው ጉድ ነበር። አንዲት ፀጉር አልወጣችም፣ አንዲት መስመር አልተዛነፈችም።

ልጅቷ ረጅም ጊዜ አየችና፣ "ቆንጆ ናት" አለች።

"ማን ናት?" አለች እትዬ።

"እኔ እንጃ፣ እማ። አንቺ ሳታውቂያት አትቀሪም።"

እትዬ ሳቅ ብላ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። "አንሳት እስቲ! ፎቶ ላይ ትያት።"

አነሳ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳና ካሜራውን ዝቅ አደረገው። እኔ በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ያ ሰው በአንዴ ሲያቆም የመጀመሪያው ነው።

"ምን ሆንክ? አንዴ ብቻ አትልም?"

"አይ፣ እትዬ፣ ይበቃል። ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ጧት ጧት ደህና አደርሽ እለዋለሁ።" ካሜራውን ሰጣት። "ወጣት ሆነሽ ባላገኝሽም፣ አንቺ ነሽ።"

እትዬ ካሜራውን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ሄደች። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ልጇን አየች፣ መልሳ ካሜራውን አየች። ቅንድቡ የእሷ ነው። ጉንጩ የእሷ ነው። ያ አጎት የቆረጠውን ጭንቅላት ሠርታ በልጇ አንገት ላይ ተክላዋለች።

ልትሳደብ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "በሞትኩት!" አለች በቀስታ። "እንዲያ እየጮህኩ ስሰብክ ኖሬ!"

"እማ፣ ቆንጆ ነው እኮ፣ እኔ አላልኩም..."

"ዝም በይ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።" ጥጥ በዘይት ነክራ ከቅንድቧ ጀምራ ታብስላት ጀመረች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና፣ የከንፈሯ ቀለም ሲለቅ፣ ከሥር የራሷ ፊት በቀስታ ወጣ። እትዬ ያን ፊት እንደ እንግዳ ታየው ነበር።

በማግስቱ ጧት ሱቋን ሳትከፍት መንገዱን ተሻገረች። እኔን ክንዴን ይዛ ነው የወሰደችኝ፤ ለምስክር ይሁን ለድጋፍ አልነገረችኝም። ከዳተኛዋ በር ላይ ፎጣ እያሰጣች ነበር፤ ስታየን ፎጣው ከእጇ ወደቀ።

"ደንበኛ አምጥቼልሻለሁ" አለች እትዬ።

"ማንን?"

"ልጄን። ለሰርጓ።"

"እትዬ፣ በጧት አይቀልዱብኝ።"

"ቀልድ ብፈልግ ያንን ግድግዳሽን የቀባሽበትን ቀለም አይቼ እስቅ አልነበር? ትሠሪያታለሽ አትሠሪያትም?"

ጫማ ሰፊው መዶሻውን አስቀመጠ።

ከዳተኛዋ ፎጣውን አንስታ አራገፈችው። "እሠራታለሁ። ግን እርስዎ በር ላይ ነው የሚቀመጡት። አይነኩም፣ አያዙም፣ አይጮሁም።"

"መጮህ ደግሞ ምን አገባሽ?"

"እጄ ይንቀጠቀጣል። እርስዎ ሲጮሁ አሁንም ተማሪ ነው የምሆነው።"

እትዬ ክንዴን ይዛ መንገዱን መልሳ ተሻገረች።

የሰርጉ ጧት እንደተባለው በር ላይ ተቀመጠች። እኔ የቬሎውን ጫፍ ይዤ ውስጥ ነበርኩ። ከዳተኛዋ መጀመሪያ ምንም አልነካችም፤ ወንበር ስባ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠችና፣ "ስትስቂ የትኛው ዓይንሽ ነው ቀድሞ የሚጠበው?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳቀች። "ግራው። ጥሩ" አለችና ተነሳች። መነጽሩን አላወለቀችም፤ ፎቶ አንሺውን ጠርታ ብርሃኑ የመነጽሩ መስታወት ላይ እንዳያንጸባርቅ አብረው አገጯን ሲያስተካክሉ ቆዩ። ቅንድቧን እንደነበረ ተወችው። ከዚያ ማበጠሪያውን አነሳችና ፀጉሯን በሙሉ ወደ ኋላ ገፋችው።

በሩ ላይ ያለው ወንበር ተንቋቋ።

"ግንባሯን..." አለች እትዬ።

"እትዬ!" አለች ከዳተኛዋ ሳትዞር።

"አልጮህኩም! አወራሁ!"

ሲያልቅ ልጅቷ ተነስታ ወደ በሩ መጣች። እኔ ቬሎውን ከኋላ ይዤ ተከተልኳት። ያን ሁሉ ዘመን የተደበቀው ሰፊ ግንባር ተገልጦ፣ እንደ ሜዳ ብርሃን ይዞ ነበር። እትዬ ከወንበሩ ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች።

"አባቷ..." አለች። እጇን ወደዚያ ግንባር ዘርግታ፣ ሳትነካው አየር ላይ አቆመችው።

"ራሴን መሰልኩ፣ እማ?" አለች ልጅቷ።

"መሰልሽ። እኔ ደግሞ በፀጉር ስሸፍነው የኖርኩ ደደብ።" ፎቶ አንሺው "አንዴ ብቻ፣ እትዬ፣ አንዴ ብቻ ወደ እሷ ጠጋ በይ" እያለ ዙሪያቸውን ይዞር ጀመር፤ አርባ ጊዜም አልበቃው።

እትዬ ዓይኗን በመሐረብ ጠርጋ ወደ ከዳተኛዋ ዞረች። "ስንት ነው?"

"ከእርስዎ? ኧረ ተዉ፣ እትዬ። ያስተማሩኝ እርስዎ፣ እንዴት ብዬ ልቀበል?"

"በነፃ የሚሠራ ዘመድ ነው። ዘመዴ ነሽ እንዴ?"

"አይደለሁም ግን..."

"ዘመዴ ከሆንሽ ልጄን መንካት አልነበረብሽም። ደግሞ በነፃ የተሠራ ሥራ ሲበላሽ 'እግዜር ይስጥሽ' ተብሎ ነው የሚወጣው። እኔ ግን የምለው ነገር ስላለኝ እከፍላለሁ።" ዋጋውን ከሙሉው ሳትቀንስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ድምጿን ለቀቀችው፤ ከማዶም ከወዲህም ያለው ሁሉ ሰማ። "በይ አሁን ነይ! ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ አንዲት ፀጉር ወጥታለች። መልሻት!"

ከዳተኛዋ ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ወጥታለች። ከኪሷ የፀጉር ሽቦ አውጥታ መለሰቻት።