ለስለት ያልደረሰ ዕድሜ

አባቴ ሁለት ዕድሜ ነበረው። አንዱን እናቱ ታውቀዋለች፤ ሌላው ሱዳን ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ራሱ ቆርጦ ያወጣው ነው። «አሜሪካ ሽማግሌ አይወስዱም» ያለው ሰው ነበርና ሰባት ዓመት ቀነሰ። ከእኛ ሰው ይህን ያላደረገ ጥቂት ነው፤ ዳላስ ውስጥ በወረቀት የልጁ እኩያ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሰው አውቃለሁ።

እዚያው ጣቢያ፣ ሕፃን ሳለሁ፣ ታምሜ ልሞት ደርሼ ነበር። አባቴ ለመልአኩ ተሳለ፤ ልጄን ካተረፍክልኝ፣ ሥራ ባቆምኩ ጊዜ የጉልበቴን ዋጋ ላንተ አስገባለሁ አለ። ተረፍኩ። እሱም ዳላስ መጥቶ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ጀርባው እስኪጎብጥ ሠራ፤ ከደሞዙ የሚቆረጠው ጡረታ አካውንቱ ውስጥ ተጠራቀመ። ኩላሊቱ ሲደክም ሥራውን ትቶ ጋርላንድ እኔ ቤት ገባ። ያኔ ስለቴን ላስገባ አለ።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ የሰው ታክስ መሥራት ነው። ቪከሪ ሜዶ ባለችው ቢሮዬ ለስንቱ ሽማግሌ ደስ እያለኝ የማስረዳው ሕግ አለ፤ ሰባ ዓመት ተኩል የሞላው ሰው ከጡረታ አካውንቱ ገንዘቡን በእጁ ሳያልፍ በቀጥታ ለቤተ ክርስቲያን ካስላከ፣ ታክስ አይነካውም። አባቴ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነበር። በወረቀት ስልሳ ስድስት።

«ሶ አባዬ፣ አሁን ካወጣኸው እንደ ገቢ ይቆጠራል» አልኩት። «ስለሰጠህ የተወሰነ ይቀነስልሃል፣ ታክሱ ግን ጨርሶ አይቀርም።»

«መንግሥት ከመልአኩ ድርሻ ይወስዳል ማለት ነው?»

«ታክሱን እኔ ከቨር አደርጋለሁ፣ ኦኬ?»

«የተሳልኩት ስለ አንቺ ነው። አንቺ ከከፈልሽበት ምኑን ስለት ሆነ? ተሸራርፎም አይሰጥ። ይልቅ ዕድሜዬን አስተካክዪልኝ።»

ለማስተካከል የልደት ማስረጃ ተጠየቀ። ክርስትና ያነሱት ቄስ ሞተዋል፤ መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጓደኞቹ ይመስክሩለት እንዳልል፣ እነሱም አብረውት ነው የቀነሱት፤ በወረቀታቸው ቢሰላ፣ እሱ በእውነት ሲወለድ ገና ዳዴ የሚሉ ሕፃናት ነበሩ። ጠበቃ ጋ ደወልኩ። «ተይው፣ ዋሽቶ ገባ ብለው ዜግነቱን እንዳይነኩበት» አለችኝ። ተናደድኩ። በሕጉ አይደለም፣ ሕጉ ምን አጠፋ? ያንን የስደተኛ ጣቢያውን መካሪ ሰውዬ ባገኘው አንቀው ነበር።

የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ እዚሁ ዳላስ በመልአኩ ስም ያለችውን ቤተ ክርስቲያን የአካውንቱ ወራሽ አድርጎ ማስመዝገብ። እሱ ሲሞት ሙሉው ያለ ታክስ ይገባል። ይህን ለአባት መንገር እንዴት ያለ ሥራ ነው! ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔ የፈለግኩት ቆሜ፣ በእጄ ሰጥቼ፣ ሰው እልል ሲል መስማት ነው» አለ። ከዚያ ፈረመ።

ቢሆንም በወረቀት ሰባ ተኩል እስኪሞላው መጠበቅ ጀመረ። ዲያሊሲስ ወንበር ላይ ሆኖ «አሁን ስንት ቀረኝ?» ይለኛል። ሐኪሟ የነገረችኝን አውቃለሁ። «ትንሽ ነው አባዬ» እለዋለሁ።

ስልሳ ሰባት ሳይሞላው ሞተ።

በመልአኩ ንግሥ ቀን ስለት ሲነበብ ስሙ ተጠራ። ገንዘቡ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ገብቷል። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እኔ፣ የተሳለልኝ ልጅ፣ በእሱ ፈንታ ቆሜ ሰማሁ።