ለክላቬል ቀንድ የጠበበ ቀንበር

በፑሪስካል ተራሮች የሸንኮራ አገዳ መቁረጫ ወቅት በደረሰ ቁጥር፣ ወደ መጭመቂያው በሚወስደው ዳገት ላይ ቀድመው የሚታዩት የፊዴሊና ኡማኛ በሬዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን የግራው በሬ ክላቬል እምቢ አለ። ጋሪው ገና በግማሹ ሲጫን ራሱን ይወዘውዛል፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ጓደኛው ሂልጌሮ ብቻውን ሲጎትት ጋሪው ወደ ጎን ይዞርና አገዳው መንገዱ ላይ ይበተናል።

ወሬው የከብት ነጋዴው ማካሪዮ ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም።

«ዶኛ ፊዴሊና፣» አለ አጥሩን ተደግፎ፣ «በሬ እንደ ባል ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ መጋደም ይወዳል። የሚሻለው ነገር ቢኖር ለቄራ መስጠት ነው።»

«ይህንን ለሚስትዎ ነግረዋታል?»

«እሷ ናት የነገረችኝ!»

ወንድሟ ኦዲሎን ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ በሬዎቹ የሁለቱ የጋራ ንብረት ነበሩና። «እስከ ቅዳሜ እንጠብቀዋለን። ካልጎተተ ዶን ማካሪዮ ሁለቱንም ይጭናቸዋል።»

«ሁለቱንም?»

«ሂልጌሮን ብቻውን ምን ልታደርጊው ነው? ልታገቢው?»

ቃሉ ቢመርም ሐሰት አልነበረበትም። በሬ ከጥጃነቱ ጀምሮ ወይ የግራ ወይ የቀኝ ሆኖ ይገራል፤ ዕድሜውንም በሙሉ ጎኑን አይለውጥም። የግራው ክላቬል ከሄደ፣ ለሂልጌሮ በቁመትም በእርምጃም የሚመጥን ሌላ የግራ በሬ በቀላሉ አይገኝም።

ፊዴሊና ሁለቱንም ጡት ከጣሉበት ጊዜ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻቸው ናት። አባቷ በሬ ነጂ ነበር፤ ልጁ የመንጃውን በትር ባነሳች ጊዜ የሳቁትን ጎረቤቶች «ሳቁ ሲያልቅባችሁ ንገሩኝ» ብሎ ዝም አሰኝቷቸዋል። ከመሞቱ በፊት የጠረበው የመጨረሻ ቀንበር ለእነዚሁ ለሁለቱ፣ ገና ወይፈን ሳሉ የተሠራ ነው። ቀንበሩ ከቀንዳቸው ኋላ ማጅራታቸው ላይ ያርፍና በጠፍር ከቀንዳቸው ሥር ጋር ይታሰራል፤ ስለዚህ ግራው በክላቬል ራስ፣ ቀኙ በሂልጌሮ ራስ ልክ ተቦርቡሯል። ላዩ ላይ አባቷ በቀይና በብርቱካናማ ቀለም አበቦች ሥሎበታል። ፊዴሊና በየዓመቱ ዘይት ትቀባዋለች፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈቅድም፤ ብረት እንዲያርፍበትማ በጭራሽ።

ማካሪዮ ከሄደ በኋላ ክላቬልን ጥላ ሥር አቆመችና ትመረምረው ጀመር። ሰኮናው ደህና ነው። ትከሻው አላበጠም፤ ማጅራቱም አልቆሰለም። መዳፏ የግራ ቀንዱ ሥር ላይ ሲያርፍ ግን በሬው ተንፍሶ ራሱን ነጠቃት።

«ምን ሆኑብኝ ጌታው?» አለችው። በመንደሩ በሬውን «አንተ» የሚል ነጂ አልነበረም።

ቀስ ብላ እንደገና ዳሰሰችው። የቀንድ ጫፍ እንደ ጥፍር ነው፤ ቢቆርጡት አይሰማውም። ከሥሩ ግን ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ በውስጡም ከራስ ቅል የወጣ፣ ደም የሚዘዋወርበት ሕያው አጥንት አለ። ፊዴሊና ይህንን ታውቃለች፤ ጣቷ ሥር ያለው ሙቀትም ይመሰክራል። ያልተመለከተችው የቀንዱ ሥር ምን ያህል እንደወፈረ ነው። ቀንበሩ ላይ የተቦረቦረው ቦታ ግን ለወይፈኑ እንደተለካ ቀርቷል። የወፈረው ሥር አልገባ ሲል ጠፍሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ሸሽቷል፤ እሷም እንደሸሸው አስራዋለች።

በርን ማጠፊያው አጠገብ ቢገፉት አይነቃነቅም፤ ከዳሩ ሲገፉት ግን በአንድ ጣት ይዞራል። ሥሩ ላይ የታሰረ ጠፍር ሸክሙን ለራስ ቅልና ለማጅራት ያስረክባል፤ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የታሰረው ግን ቀንዱን ይዞ ያንን ሕያው አጥንት ይጠመዝዛል። ክላቬል አላረጀም፤ አልሰነፈም። አሞታል፤ ያሳመመችውም እሷ ናት።

መሮና መዶሻ ይዛ ስትወጣ ኦዲሎን ደነገጠ።

«አዲስ ቀንበር እስከ ቅዳሜ አይደርስልሽም። ግንዱ ገና ከወንዙ ማዶ ነው፤ መጥረቡም ቀናት ይፈጃል።»

«አዲስ አልኩህ? ይሄንኑ አሰፋዋለሁ።»

«የአባባን? ትላንት እኮ ዝንብ ሲያርፍበት ትቆጪ ነበር!»

«አባባ የሠራው ለበሬ እንጂ ለግድግዳ አይደለም። ዝም ብለህ ያዝልኝ።»

የመጀመሪያው የመሮ ምት ቀይ ቀለሙን አረገፈው። እጇ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልቆመም። የክላቬልን ቀንድ ሥር ጥላሸት ትቀባና ቀንበሩን ትገጥመዋለች፤ አውርዳም እንጨቱ የጠቆረበትን ቦታ ትጠርባለች። እንደገና ትቀባለች፤ እንደገና ትገጥማለች። ጥላሸቱ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ መታተሙ ቀርቶ በጉድጓዱ ሁሉ እኩል እስኪያርፍ ድረስ ደጋገመችው። የሂልጌሮንም በኩል ጥቂት አሰፋችለት። እንጨቱ ሳስቷል፤ እያወቀች ነው የቀጠለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ማካሪዮ የጭነት መኪናውን ዳገቱ ግርጌ አቁሞ፣ ትኩስ የስኳር ውሃውን እየጠጣ ጠበቃቸው። ጋሪው እስከ አፉ ተጭኗል። በሬዎቹ ዳገቱ እግር ሥር እንደደረሱ ክላቬል ቆመ።

«አላልኩም?» አለ ማካሪዮ።

ኦዲሎን በትሩን ሊያነሳ ሲል ፊዴሊና ያዘችው። በሬው ያለፈውን ሕመም እየጠበቀ መሆኑ ገብቷታል። ከፊቱ ሄዳ ቆመችና ግንባሩን ዳሰሰችው።

«ይሞክሩት ጌታው። አንዴ ብቻ ይሞክሩልኝ።»

ክላቬል ጆሮውን አርገበገበ። ራሱን ዝቅ አድርጎ በጥርጣሬ ገፋ። ጠፍሩ ሥሩ ላይ ጠበቀ፤ ቀንዱ ግን አልተጠመዘዘም። ማጅራቱ ሸክሙን ተቀበለ፤ የኋላ እግሮቹ መሬቱን ቆነጠጡ፤ ጎማው ዞረ። ሂልጌሮም ጎኑ ላይ እኩያውን ሲያገኝ እርምጃውን አስተካከለ።

ዳገቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እንጨቱ ጯ! አለ። ፊዴሊና ሰምታለች፤ ግን አላስቆመቻቸውም። ጋሪው መጭመቂያው በር ላይ ሲቆም የሳሳው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር።

«ተሰነጠቀ፣» አለ ኦዲሎን አንገቱን ደፍቶ። «የአባባ ቀንበር።»

«እንጨቱ ነው የተሰነጠቀው። በሬው አይደለም።»

ከዚያም በመኪናው ተከትሏቸው ወደመጣው ነጋዴ ዞረች። «ዶን ማካሪዮ፣ ባዶ መኪና ይዘው ሊመለሱ ነው? ከወንዙ ማዶ አምና ያስቆረጥኩት ግንድ አለ፤ ደርቋል። ያምጡልኝ።»

«በሬ ልወስድ መጥቼ ግንድ ተሸካሚ ልሆን?»

«ሚስትዎ እንደተጋደሙ ከምታገኝዎ ይሻላል።»

ማካሪዮ እያጉረመረመ መኪናውን አስነሳ። ፊዴሊና አዲሱ ቀንበር እስኪጠረብ አልጠበቀችም። እርጥብ ቆዳ ከመጭመቂያው ለምና፣ የተሰነጠቀውን ጎን በአባቷ አበቦች ላይ እያጠላለፈች ጠቀለለችው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያጠብቀዋል። ፀሐይ ላይ አስቀምጣውም ለክላቬል አገዳ ልትቆርጥለት ሄደች።