ጥጃ የሆነው ልጅ

ጊንጪ መናኸሪያ በር ላይ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ዝናብ ሲመጣ ሸራውን ከነመጽሐፉ ጠቅልሎ ወደ መጠለያ ይሮጣል፣ ሲያባራ መልሶ ይዘረጋል፤ ስለዚህ የሚሸጠው ሁሉ ግማሽ እርጥብ ነው። ባለፈው ወር ከሥራ ወጥቼ የአምቦ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ከመሃል አንዱን ብድግ አድርጌ ገለጥኩትና፣ ገና ሳላነበው ሸተተኝ። የረጠበ ወረቀት፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ትንሽ የላምባ ነገር። እግሬ ጊንጪ ቆሞ እኔ አምቦ፣ የድሮው ግቢያችን በረንዳ ላይ ነበርኩ። ዓይኔ ወደ ጽሑፉ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው፦ አንዲት እናት ባቡር ጣቢያ መሃል ቆማ የልጇን ስም ትጣራለች። ሽፋኑን ገልብጬ አየሁና የመጽሐፉን ርዕስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኩ፤ በልጅነቴ ያነበብነው የእኛው ቅጂ ሽፋን አልነበረውም። ወደ ኋላ ገለጥኩ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ሳይጎድሉ አሉ። ሳላነባቸው ዘጋሁትና ሰውዬው የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ፤ እሱ ግን ምነው ከፍ አድርጌ በጠራሁ ብሎ የተቆጨ ይመስል ፊቱ ጠቆረ።

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ግን ሰው በዕድሜው ብቻ ሳይሆን በፈረሱበት ቤቶችም ያረጃል መሰለኝ።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ከሁሉቃ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት ቤት በአንድ ረጅም በረንዳ የተያያዘበት ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር፤ በአንደኛው ቤት እኔ፣ የአማርኛ አስተማሪ የነበረው አባቴና ከአዲስ ዓለም ተድራ የመጣችው እናቴ፣ በሌላኛው ደግሞ ጤና ጣቢያ የምትሠራው አዴ ጫልቱ ከእናቷ ከአኮ ብሪቱ ጋር። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ፣ አኮ ደግሞ አያት ማለት ነው፤ የእኔ አያት ባይሆኑም የግቢው ሁሉ አያት ነበሩ። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ጴንጤ፤ በጾም ወራት አዴ ጫልቱ የወጧ ሽታ እናቴን እንዳይፈትናት መስኮቷን ዘግታ በገዛ ጭሷ ታፍና ትሠራ ነበር፣ እናቴም ሽታው እንዳልደረሳት ለመምሰል በዚያ ሰዓት በር ላይ አትቆምም። እናቴ ኦሮምኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ አኮ ብሪቱ አማርኛ አይናገሩም። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ እኔ ወይም አዴ ጫልቱ መሃል ካልገባን በፈገግታና በጭንቅላት ብቻ ይጨዋወቱ ነበር፤ ሐሜት እንኳ በምልክት ሲያሙ አይቻቸዋለሁ።

በዚያ ክረምት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ነገ ይሠራል ተባለ፣ ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ልጅ ወለደ። እናቴ ቴሌቪዥኑን ዳንቴል አልብሳ እንደ ሐዘንተኛ አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁላችንም በረንዳው ላይ እንሰበሰብና እርስ በርስ እንተያያለን፤ መተያየቱም ቶሎ ያልቃል። ያኔ ነው ከአባቴ አልጋ ሥር ያለው ካርቶን ትዝ ያለኝ። አባቴ እንደ አስተማሪነቱ የሚከበሩትን መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አሰልፎ፣ ከልቡ የሚወዳቸውን ደግሞ ከአልጋ ሥር ደብቆ የሚኖር ሰው ነበር። ካርቶኑ ሙሉ ግድያ፣ ስርቆት፣ ካፖርት የለበሱ ሰላዮች፤ ከነሱ መሃል ይሄ ሽፋን አልባ፣ ከፈረንጅ አገር የተተረጎመ፣ ልጇ የጠፋባት እናት ታሪክ።

አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። አዴ ጫልቱ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ የተማረች ስለሆነች አማርኛው እንደ ውሃ ቢፈስላትም ፊደሉ ላይ ትንገዳገዳለች፤ እናቴ ደግሞ መርፌና ጨርቅ ከእጇ አይጠፋም። እኔ አንድ ገጽ አነባለሁ፣ አዴ ጫልቱ ለእናቷ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ገጽ። ስምምነቱ ይሄ ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ባልዋ የሞተባት ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ከባቡር ወርዳ ብርቱካን ስትገዛ ዞር ብትል ልጁ የለም። አነበብኩና ትርጉሙን ጠበቅኩ። አዴ ጫልቱ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ በኦሮምኛ፣ አንዲት ሴት ጥጃ ይዛ ጉደር ገበያ ወጣች፣ ጨው ስትገዛ ዞር ብትል ጥጃው የለም፣ ብላ ተረጎመች። ቀና ብዬ አየኋት፤ በነጠላዋ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ምክንያቱን በማግሥቱ ቧንቧ ውሃ ስንቀዳ ነገረችኝ፤ ሰፈሩ የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም ነበር። አኮ ብሪቱ ቶለሳ የሚባል የመጨረሻ ልጅ ነበራቸው። ጺም እንኳ ሳያወጣ፣ በጌዶ አድርጎ ወደ ነቀምቴ በሚያልፍ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ተሳፈረና አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አየሁት ያለም የለም። ሊሄድ ሲል ሸሚዙን ያጠበችለት፣ እስከ ማታ ለእናታችን እንዳትነግሪ ብሎ ያስማላት እህቱ ጫልቱ ነበረች፤ እሷም ቃሏን ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ አልተነሳም። ማዕድ ሲቀርብ አኮ የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ይጸልያሉ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ስም የሚያስጠራ ያህል ዝም ይላሉ፤ ከዚያ አሜን። እኔ ያንን ዝምታ ትንፋሽ ሲስቡ ነው ብዬ አስብ ነበር።

“በዚህ አፌ ለእናቴ ልጅ ጠፋ ልበላት?” አለችኝ አዴ ጫልቱ ጀሪካኑን እየከደነች። “አልችልም።”

እናም ጥጃው ጥጃ ሆኖ ቀረ። አሁን ሳስበው በዓለም ላይ እንደ አዴ ጫልቱ የተቸገረ ተርጓሚ ያለ አይመስለኝም። የፈረንጁ መርማሪ የቀበሌ ሚሊሻ ሆነ። ባቡሩ ከጉደር የሚመለስ አይሱዙ ሆነ። እናትየዋ የልጁን አንድ እግር ጫማ ደረቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ፣ በእኛ በረንዳ የጥጃውን ገመድ ታቅፋ አለቀሰች። ጋዜጣ ላይ ፎቶው ሲወጣ ተርጓሚያችን ላብ አጠመቃት፤ ኋላ ላይ ግንባሩ ቦቃ መሆኑ በገበያ ተለፈፈ ብላ ተገላገለች። ጠላፊው ስልክ ደውሎ ልጁ ደህና ነው፣ በልቷል፣ ተኝቷል ሲል ደግሞ፣ ሌባው በሞባይል ደውሎ ጥጃው ሣር እየበላ ነው አለ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ መጽሐፉን ፊቴ ላይ እለጥፋለሁ፤ እናቴም ይህች ልጅ ምን ነካት፣ ሰው ልጁ ጠፍቶበት እያለቀሰ ትስቃለች ብላ ትቆጣኛለች።

አኮ ብሪቱ ግን ፊታቸው ላይ ሽምብራ የምታህል ሳቅ አልታየም። እንዲያውም ይጠይቃሉ። ጥጃው ጡት ጥሏል? እናቱ ላም ምን አለች? ሴትየዋስ ለአንድ ጥጃ ይህን ያህል እህል ውሃ መተው ምን ይሉታል፣ ሌላ ከብት የላትም? አዴ ጫልቱ ለእያንዳንዱ መልስ ስትፈጥር ዝናቡ አብሮ ይወርዳል፣ ምስሩ ይለቀማል፣ የእናቴ መርፌ ይሄዳል። እንደዚያ ክረምት ደስ ብሎኝ አላውቅም። መብራት ቢመጣስ እያልኩ እሰጋ ነበር።

ጳጉሜ ላይ፣ ሰማዩ መገለጥ ሲጀምር፣ መጨረሻው ደረሰ። እናትየዋ ልጇ ከወንዝ ማዶ አንድ ቤት ውስጥ መኖሩን ሰምታ፣ ብቻዋን ሄዳ፣ በሩን አንኳኳች። ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። መዝጊያው ተከፈተ። ገጹን ገለጥኩ፤ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጥ በልቶታል።

እናቴ ጉልበቷን መታች። አይጡንም፣ አባቴንም፣ ካርቶኑንም በአንድ ላይ ረገመቻቸው። አዴ ጫልቱ ግን እፎይ ያለች መሰለኝ፤ ፈጥና ወደ እናቷ ዞረችና ጥጃው ተገኘ፣ ሰብቷል፣ እየቦረቀ ቤቱ ገባ፣ አለቀ፣ አለቻቸው።

አኮ ብሪቱ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ በጠራ የገበያ አማርኛ፣ “ጥጃውን ተዪው፣ ጫልቱ” አሉ። “ልጁ ተገኘ ወይ?”

የእናቴ መርፌ ጨርቁ ላይ ተሰክቶ ቀረ። አሁን ለማንም ቢነገር ግልጽ ነው፦ አኮ ብሪቱ ጉልበታቸው እስኪደክም አምቦ ገበያ ቅቤ የሸጡ ሴት ናቸው፤ ከአስተማሪ ሚስት፣ ከቢሮ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ነጋዴ ጋር ተከራክረው የኖሩ። አንደበታቸው አማርኛን አልወደደውም እንጂ ጆሮአቸው ሁሉንም ያውቃል። እኛ ግን አንድ ግቢ እየኖርን፣ የማይናገር ሰው አይሰማም ብለን ተቀምጠን ነበር።

ከዚያ ወደ ኦሮምኛቸው ተመለሱ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቁ፣ ልጅ የሚለው ቃል ከልጃቸው አፍ እንዳልወጣ አይተው እንደተውት፣ እሳቸው ሳይሆኑ ጫልቱ እንዳታዝን ብለው ስለ ጥጃ ሲጠይቁ እንደከረሙ ነገሯት። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው፣ “ያን ቀን ሸሚዙን አንቺ እንዳጠብሽው አውቃለሁ” አሏት። “ልጄ በንጹሕ ሸሚዝ መሄዱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።”

አዴ ጫልቱ ጤና ጣቢያ ስንቱን ቁስል ስትሰፋ የማትደነግጥ ሴት፣ ግንባሯን እናቷ ጉልበት ላይ ደፍታ እንደ ልጅ አለቀሰች። እናቴ ምን እንደተባለ ሳይገባት አብራ አለቀሰች፤ ለቅሶ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ያ ከሰዓት በኋላ በዚህ አላበቃም። አይጥ የበላውን አኮ ራሳቸው ጨረሱት፤ ተርጓሚዋ አፏ ተይዞ ስለነበር ለእናቴ የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ አንድም ቃል ሳልቀይር። ልጁ፣ አሉ አኮ፣ ከወንዙ ማዶ አድጓል። ከጌዶ ወዲያ ባለ ከተማ ወፍጮ ቤት አለው፣ ሚስት አግብቷል፣ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳይናገር በመውጣቱ አፍሮ ቀረ፣ ከዚያ በመቅረቱ አፍሮ ቆየ። ወደ አምቦ የሚሄድ አውቶብስ ባለፈ ቁጥር እጁን ያነሳና መልሶ ያወርደዋል። እናቱ አልተቆጣችም። አንድ ቀን እጁን ሳያወርድ ይቀርና አውቶብሱ ይቆማል። እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ያቆምለታል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው አለችኝ። ጠየቅኳቸው። አኮ ብሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ትርፍ ተሳፋሪ የሚተው ሹፌር የት አይታ ታውቃለች አሉ።

በዚያ ምሽት የእነሱ ጸሎት ግድግዳውን ዘልቆ ሲሰማን ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ስሞቹ በተለመደው ተራቸው መጡ፣ ዝምታው ቦታ ሲደርስ ግን ዝምታ አልነበረም። “ቶለሳ” አሉ አኮ፤ አዴ ጫልቱም ጮክ ብላ አሜን አለች። ከዚያ በኋላ ስሙ በዚያ ቤት እንደ ማንኛውም ስም ይነሳ ጀመር፦ ቶለሳ ጎመን አይወድም ነበር፣ ቶለሳ ቢኖር ይህን ቆርቆሮ ይመታልን ነበር። ትራንስፎርመሩም ተሠራ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን አወለቀ፣ በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ጠፋ፤ እኔ ብቻ ነበርኩ መብራት መጣ ሲባል ያላጨበጨብኩት።

ዛሬ ግቢው ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ሥሩ የሞባይል መሸጫ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብም ድምፅ የለውም። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከእናቴ ጋር አዲስ ዓለም ገብቷል። አኮ ብሪቱ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ቶለሳ አልመጣም።

መጽሐፉን ይዤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዴ ጫልቱ ጋ ሄድኩ። አዲሱ ቤቷ በረንዳ የለውም፤ አኮ ይቀመጡበት የነበረውን ዱካ ግን ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣዋለች፣ ማንም አይቀመጥበትም። ካቆምንበት፣ በሩ ከሚከፈትበት ጀመርኩ። የመጽሐፉ መጨረሻ ችኩል ነው፤ ፖሊሶች ይገባሉ፣ ልጁ ከላይ ፎቅ ተኝቶ ይገኛል፣ እናቱ ታቅፈዋለች፣ አለቀ። ወፍጮ የለ፣ ዱቄት የለ፣ እጅ የሚያነሳ የለ። ሳላዳላ ነው የምናገረው፣ የእኛው ይበልጣል።

አንብቤ ጨረስኩ። አዴ ጫልቱ፣ ገጽ ባለቀ ቁጥር ታደርገው እንደነበረው፣ ወደ ዱካው ዞር አለችና ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚነገር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “ሙጫን አርገሜ” አለች። ልጁ ተገኘ ማለቷ ነው። ጥጃ አላለችም።