የሌባ ፊት

ክሪሚኖሎጂን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ዩኒቨርሲቲው ነው የመደበኝ። ዲላ ውስጥ ዲፓርትመንቴን የነገርኩት ሰው ሁሉ ወይ "ፖሊስ ልትሆኚ ነው?" ይለኛል፣ ወይ ኪሱን ይዳብሳል። ዱመርሶ የሚባል ገጠር ውስጥ ቡና ማድረቂያ ያለው አጎቴ ግን በደስታ ሊሞት ነው። ሌባ የሚለይ ዘመድ በነፃ አገኘ።

ለእረፍት ስሄድ ምን እንደተማርኩ ጠየቀኝ። እኔም አፌ መቼ ያርፋል፣ ድሮ አንድ ሐኪም ወንጀለኛ በፊቱ ይለያል ብሎ የእስረኞችን መንጋጋ ሲለካ መኖሩን አወራሁለት። ነገሩ ውድቅ ከሆነ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ልጨምርለት ስል ተነስቶ ሄዷል። የሚፈልገውን ያህል ተምሯል።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹን ማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ አሰልፎ ጠበቀኝ። ሁለት ኬሻ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጠፍቷል። የጠረጠረው ከቡሌ የመጣውን ዘበኛ ነው፤ ማስረጃው ሰውየው ዝምተኛ መሆኑ ነው። ከሥራ አባሮ ለፖሊስ ሊሰጠው ቆርጧል፤ የቀረው የባለሙያ ቃል ብቻ ነው። ባለሙያዋ እንግዲህ እኔ ነኝ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ።

"ፊቱን እዪና ንገሪን" አለኝ።

ዘበኛው መሬት መሬት ያያል። ብግን አልኩ። ይሄ ሁሉ ውሸት ነው ብል ማን ይሰማኛል? ስለዚህ እንደ መምህሬ ጉሮሮዬን ጠርጌ ምልክቶቹን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

"የሌባ ቅንድቡ የተጋጠመ ነው፤ መንጋጋው ሰፊ፣ ጆሮው ወደ ውጭ የወጣ።"

ሠራተኞቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ የሁሉም ዓይን አጎቴ ላይ አረፈ። አንዷ ቡና ለቃሚ ሳቋን በነጠላዋ ደበቀች። አጎቴ ቅንድቡን ዳሰሰ። ከዚያ፣ እግዜር ይስጠው፣ ያለ ማስረጃ ሰው መወንጀል ነውር መሆኑ ድንገት ገባው፤ እኔ ሴሚስተር ሙሉ የፈጀብኝ ትምህርት። ዘበኛው ሥራው ላይ ይቆይ ተባለ።

እየተኩራራሁ ወደ ቤት ስመለስ ዘበኛው ከኋላዬ ደረሰብኝ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ፈገግታዬን አዘጋጅቻለሁ።

"እህቴ፣ የኔ ፊትስ ምን ይላል?" አለኝ ቀስ ብሎ።

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ፊት ምንም አይልም፣ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው አልኩት።

አላመነኝም። ምን ያድርግ፣ አጎቴን በቅንድቡ ሌባ ያስመሰልኩት እኔው ነኝ።